የጀሪካን እጣቢ

ያን ሰው ዛሬም ሲያወድሱት እሰማለሁ። የኩላሊት እጥበት ክፍላችንን ከምንም ተነሥቶ ያቆመው እሱ ነው ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ነጻነት በመጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስመራ ውስጥ አሮጌ የእጥበት ማሽን በስጦታ ደርሶን ነበር። እሱ ከሜዳ የገባ ታጋይ ሐኪም፣ የክፍሉም ኀላፊ ነው። እኔ በፊተኛው መንግሥት ዘመን ከከተማው ሳልወጣ የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ይህም አይረሳልኝም ነበር። በዕድሜ ብበልጠውም እንደ ታጋዮቹ ልማድ «አንቺ» ይለኛል። እኔ ግን «እርስዎ» ማለቴን አልተውኩም። ርቀት ይጠብቅልኛል።

በሽተኛ ከማሽኑ ከመያያዙ በፊት ደሙ የሚታጠብበትን ፈሳሽ በእጅ መለኪያ የምፈትሸው እኔ ነበርኩ። መለኪያዋ ከመዳፍ አትበልጥም፤ አናቷ ላይ ትንሽ ጽዋ አላት። ጽዋዋን በዚያው በሚለካው ፈሳሽ ደጋግሞ አለቅልቆ፣ ሞልቶ፣ ቁልፉን መጫን ነው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ጨው ከልኩ ከወረደ የሚታጠበው ሰው ራሱን ይስታል፤ ይሞታልም።

አንድ ጠዋት ተራው ገጀረት ከሚባለው ሰፈር የመጡ የአንዲት እናት ነበር። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ለካሁ። ቁጥሩ ከልኩ በታች ነው። ደገምኩ፤ ያው።

«ማሽኑ ደህና ነው ይላል» አለኝ ሐኪሙ።

«ትናንት ሲጮኽ የማስጠንቀቂያውን ቁልፍ አዙረው ዝም ያሰኙት እርስዎ ነዎት።»

«ሓፍተይ» አለ፣ እኅቴ ማለቱ ነው፤ «ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር ግሉኮስ ስናዘጋጅ እንዲህ ያለ መጫወቻ አልነበረንም።»

«ዛፉ ሥር የሞተ የለም?»

ፊቱ ጠቆረ። «አንቺን ያስተማሩሽ እምቢ ማለት ብቻ ነው።»

እናትየዋ ክንዳቸውን ዘርግተው «ጓለይ፣ ልጄ፣ አትከልክዪኝ፤ መተንፈስ አቃተኝ» አሉኝ።

እሱ መለኪያዋን ከእጄ ወስዶ በቧንቧ ውሃ አጠባት፤ ሳያራግፍ ፈሳሹን ጨምሮ ለካ። ቁጥሩ ይብስ ወረደ። «አየሽ፣ ተበላሽታለች።»

ልኩ በላዩ የተጻፈበትን የማመሳከሪያ ፈሳሽ ጠርሙስ ከፈትኩ። ጽዋዋን በእሱ አለቅልቄ፣ ሞልቼ ሰጠሁት። «ይጫኑ።» ጫነ። ቁጥሩ ከጠርሙሱ ጋር አንድ ሆነ።

ያን ጊዜ ዓይኑ ወደ ጀሪካኖቹ ሄደ። ከውሃ ጋር የምናዋህደው ወፍራም የጨው ፈሳሽ ከውጭ አገር ይመጣል፤ ያን ሰሞን ዘግይቷል። እሱም በየጀሪካኑ ሥር የቀረውን በውሃ እያለቀለቀ፣ እጣቢውን አንድ ላይ ሲያጠራቅም ከርሟል፤ የዛሬውም ፈሳሽ የተዋሃደው በዚያ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይጣልም። እኛስ ቤታችን የሳልሳውን ቆርቆሮ አለቅልቀን ወጥ ላይ እንጨምር የለ? ወጥ ቢቀጥን ግን ማንም አይሞትም።

«ያልተከፈተ ጀሪካን አለዎት» አልኩት።

«ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው።»

«ቀኑ ዛሬ ነው።»

አመጣው። የማሽኑንም ቁልፍ ወደ ቦታው መለሰ። ለካሁ፤ ልክ ነው። እናትየዋን ከማሽኑ ጋር አያያዝናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ረጋ። ሲነሡ እጁን ይዘው «የቐንየለይ ወደይ» ብለው አመሰገኑት። እሱም «ደሓን፣ አደይ» አለና ምስጋናውን ተቀበለ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ከሄዱ በኋላ የእጣቢውን ጀሪካን አንሥቼ ወደ መታጠቢያው ወሰድኩት።

«ትንሽ አስቀሪ» አለ። «ነገ እናስተካክለዋለን።»

ክዳኑን ፈትቼ ጀሪካኑን ዘቀዘቅኩት፤ ጨርሶ እስኪንጠፈጠፍም ቆሜ ጠበቅኩ።