የአላዛይስ ጣቶች

በዚያ ዓመት ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ፣ በፕሮቫንስ መንገዶች የሚዞሩት አዝማሪዎች ሁሉ አንድ ወሬ ይቀባበሉ ነበር፤ የጋውሴራን ሚስት እጇ ከዳት የሚል።

ወሬው ሐሰት ነው እንዳይባል አላዛይስ በእርግጥ ትሳሳት ነበር። ሠርጉ ደምቆ፣ ባሏ የጀግናውን ዘፈን ከጫፍ አድርሶት፣ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲሰማ ድንገት ደጋኗ ይንሸራተትና ባለአምስት ጅማቱ ማሲንቆ ጭራዋን እንደተረገጠች ድመት ይጮኻል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እሷ ማሲንቆዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ መቃኛውን እያጠበቀች፣ ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ የምታንጎራጉር ትመስላለች። ከዚያ ጋውሴራን ከቆመበት ያነሣና ዘፈኑን ይቀጥላል።

በማንጎራጎሩ ውስጥ አንዲት ቃል ነበረች። የጠፋችበት ቃል። ጋውሴራን ግን ከሰው አፍ የሰማት አይመስለውም፤ ከራሱ ሆድ ተመልሳ የመጣች ነበር የምትመስለው።

ነገሩ የጀመረው በወይራ ለቀማ ጊዜ ነው። ጋውሴራን የታወቀበት፣ ድልድይ ሲጠብቁ ስለሞቱ ሦስት ወንድማማቾች የሚተርክ ረጅም ዘፈን ነበረው። አላዛይስ፣ በገመድ ላይ የሚራመድ ሰው ልጅ፣ ገና ኮረዳ ሳለች ይህንኑ ዘፈን በአንድ የገበያ ቀን ሰምታ፣ የአባቷን ገመድ ጥላ ጋውሴራንን ተከተለች። ከዚያ ወዲህ አብረው ያልረገጡት አቧራ፣ አብረው ያልተጠለሉበት ድልድይ የለም። አንዲት ልጅ ወልደው ለባለወፍጮ ድረዋል። ታዲያ በዚያ ቀን፣ በወይራ ለቃሚዎቹ ፊት፣ ጋውሴራን መካከለኛው ወንድም ዘንድ ደረሰና ስሙ ጠፋው። ዞሮ አያት። ገበያ መሀል እናቱ የጠፋችበት ሕፃን ዓይን ነበረው። ደጋኑ ከአላዛይስ እጅ ያመለጠው ያኔ ነው፤ አስባ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን አስባ ሆነ።

ሁዳዴ ሲገባ በሕዝብ ፊት መዝፈን ክልክል ስለሆነ፣ እንደየዓመቱ አዝማሪዎቹ ከኮረብታው ሥር ባለ ባዶ ጎተራ ተሰበሰቡ። እዚያ መሣሪያ ይጠገናል፣ አዲስ ዘፈን ይለዋወጣሉ፣ ሽማግሌው ፖንስም ለፋሲካ ማን የት እንደሚሄድ ይደለድላል። አንድ ጠንካራ ወግም አለ። በጉባኤው ፊት ዘፈን አፉ ላይ የሞተበት ሰው፣ ያንን ዘፈን ለሌላ አስረክቦ ዳግመኛ አያነሣውም። ፖንስ ራሱ የሚወደውን ዘፈን እንዲህ አስረክቧል። ዛሬ ከበሮ ብቻ ነው የሚመታ።

ሽምብራው ቀርቦ ሰው ሲበላ፣ ብሬሞን የሚባለው ጎልማሳ ዋሽንት ነፊ ጮክ ብሎ፣ «እትዬ አላዛይስ፣ ድመቷ ደኅና ናት?» አላት።

«ደኅና ናት። ያንተን ዋሽንት ስትሰማ ብቻ ነው የሚያማት።»

ጎተራው ሳቀ። ፖንስ ግን አልሳቀም። ሳህኑን አስቀመጠ።

«ጋውሴራን፣ የግንቡ ጌታ በፋሲካ ማግስት ልጁን ይድራል። የድልድዩን ዘፈን ጠይቋል። ነገ እዚህ ፊታችን ትዘፍነዋለህ፤ በማሲንቆው ፋንታ ግን ብሬሞን በዋሽንቱ ያጅብሃል። አላዛይስ እኅቴ፣ አትቀየሚኝ። ዕድሜ ነው።»

አላዛይስ ባሏን አየች። ብሬሞን አጠገቡ ከተቀመጠ ቃሉን ማን ሹክ ይለዋል? ብትናገር ዘፈኑ ዛሬውኑ ይወሰድበታል፤ ዝም ብትል ነገ፣ በባልንጀሮቹ ሁሉ ፊት። ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወንዙ ወረደች።

ጋውሴራን ተከትሏት መጣ። አጠገቧ ቁጢጥ አለና ከቀበቶው የወይራ ዘይት ቅሏን ፈታ፤ እጇን ከውኃው አውጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያሽ ጀመር።

«ያምሻል?»

«ምኑ?»

«ጣትሽ ነዋ! ከወይራ ለቀማ ጀምሮ አያለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። በየሠርጉ ባለቤቱን ለብቻው እየጠራሁ፣ ‹አትሳቁባት፣ ጣቷ እየደረቀ ነው› እላለሁ። እንዲያውም አንዳንዴ ቃል የጠፋኝ መስዬ የምቆመው፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ እንዳይመስል ነው።»

አላዛይስን መሳቅም ማልቀስም አማራት። ጎንበስ ብላ ሳህን የምታጥብ መሰለች።

«አንተ ሰው፣» አለች በመጨረሻ፣ «ነገ ከብሬሞን ጋር ልትዘፍን ነው?»

«ከዚያ ፎካሪ ጋር? እሞታለሁ እንጂ! አስቤበታለሁ። ማሲንቆውን እኔ ልያዝ፤ እጄ የለመደውን አይረሳም። አንቺ ዝፈኚው።»

«እኔ? የድልድዩን?»

«ታውቂው የለም እንዴ? ከኔ እኩል ሰምተሽዋል።»

«ዘፈኑ ያንተ ነው፣ ጋውሴራን።»

«እና ወዴት ይሄዳል? አጠገብሽ እኮ ነኝ።» ዘይቱን ወደ አንጓዎቿ እየሳበ፣ «የኔ ድምፅ እንደሆነ አልጠፋም፤ ላንቺ ጣት ግን እረፍት ያሻዋል» አለ።

በማግስቱ ጋውሴራን ይህንኑ በጉባኤው ፊት ተናገረ። ጎተራው ተንጫጫ፤ ረጅሙን የጀግና ዘፈን ወንድ ያወጣል፣ ሴት ታጅባለች፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው።

«ሴት ድልድይ ልትጠብቅ?» አለ ብሬሞን።

«አንተ ብትጠብቀውማ ጠላት እየሳቀ ይሻገር ነበር» አለው ጋውሴራን።

ሳቁ ሲበርድ ፖንስ አንዴ ጋውሴራንን፣ አንዴ አላዛይስን አየ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም፤ ለመነችው። ሽማግሌው የከበሮውን ቆዳ በመዳፉ ዳሰሰ። ገብቶታል። ገብቶትም አልተናገረም።

«ወጉ ዘፈን የሞተበት ያስረክብ ነው የሚል፣» አለ። «ይሄ አልሞተም፤ ከቤትም አልወጣም። ጀምሪ፣ እኅቴ።»

ድምፅዋ ሻከር ያለ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ። የጋውሴራን ደጋን ግን እንደ ጎረምሳ ዘመኑ ለስላሳ ሆኖ ከሥሯ ገባና አነሣት። ታላቁ ወንድም ወደቀ። መካከለኛው ተነሣ። አላዛይስ ወደ ባሏ ዞረች። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ስሙን ይፈልጋል፣ አያገኘውም፤ እጁ ግን አልቆመም። እሷም ያን ስም፣ ሹክ ስትለው የኖረችውን፣ ዓይን ዓይኑን እያየች በሙሉ ድምፅ አወጣችው። ፊቱ በራ። «እሱ ነው!» አለ ጮክ ብሎ፣ የገዛ ወንድሙን መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ብሬሞን ጭድ ዓይኔ ገባ አለ። ጋውሴራን ማሲንቆውን እንደያዘ ለሁሉም ያስረዳ ነበር፦ «አያችሁ? ጣቷ ነው እንጂ ጭንቅላቷ ደኅና ነው!»

ከዚያ ወዲህ በግንቡም፣ በየሠርጉም የድልድዩን ዘፈን አላዛይስ አወጣችው። የመካከለኛው ወንድም ስም ጨርሶ ከጋውሴራን በጠፋበት ዘመንም፣ ማታ ማታ ማረፊያ ሲያገኙ የዘይቷን ቅል መፍታት አልረሳም።

«ዛሬስ ያምሻል?» ይላታል።

አላዛይስ አንድም ሕመም የሌለባቸውን ጣቶቿን ትዘረጋለታለች።

«ትንሽ» ትለዋለች።