ስሙን ያልጻፈ ዳኛ

ሰበታ፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል

የጥር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ታክሲ ተራው ላይ አንድ ሚኒባስ ብቻ ቆሟል፤ የፊት መስታወቱ በድንጋይ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። እስከ አየር ጤና አሥራ አምስት ብር ይላል ሾፌሩ። ከወር በፊት በግማሹ እንሄድ ነበር፤ ቢሆንም ማንም አልተከራከረም። ታክሲ መገኘቱም ተመስገን ነው። ጋቢና ገባሁ።

«እህቴ፣ በዚህ ቀን ምን አስወጣሽ? ለቅሶ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ሱሉልታ ሄጄ በቴሌቪዥን ፊገር ስኬቲንግ ለማየት።»

«ምን?»

«ስለት ያለው ጫማ አድርገው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጨፍሩት። የአውሮፓ ውድድር ነው፤ ዛሬ የሴቶቹ ተራ ነው።»

ዞር ብሎ አየኝና መንገድ ዳር ተቃጥሎ የቀረውን የጭነት መኪና በአገጩ አሳየኝ። «እኛስ አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተትን አይደል? ነጥብ የሚሰጠን ጠፋ እንጂ።»

መሳቂያ መሆኔን ለምጄዋለሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ በረብሻው ምክንያት ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ልጅ ሳለሁ የቀበሌው ቴሌቪዥን የሶሻሊስት ወዳጆቻችንን በረዶ ያሳየን ነበር። ሌሎቹ ልጆች ኳስ እስኪጀምር ያዛጋሉ፤ እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ከዚያ ወዲህ እነማን ወደቁ፣ እነማን ተዘረፉ ሳልል ያለፈ ዓመት የለም።

እንዲህ በበረዶው ያበድን ሦስት ነን፤ ውድድሩን የምናየው ጋሽ ለታ ቤት ተሰብስበን ነው። ጋሽ ለታ ሱሉልታ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምረዋል። የተዋወቅነው ሰበታ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። አስተናጋጁ ቻናሉን ወደ ኳስ ሊቀይር ሲል እኔ ጮህኩ፤ ከማዶ ጠረጴዛ ደግሞ እሳቸው «እንዳትነካው!» ብለው ተነሡ። ሦስተኛዋ አበበች ናት፤ ቡራዩ ላይ ልብስ ሰፊ። የአንዷን ተወዳዳሪ ፎቶ ይዤ «እንዲህ ስፊልኝ» ብያት ልቧ በዚያው ቀረ።

ሕግ አለን። የቴሌቪዥኑ ነጥብ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዳችን በብጣሽ ወረቀት የራሳችንን ነጥብ ጽፈን፣ አጥፈን፣ የቆርቆሮ ኩባያ ውስጥ እንጥላለን። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይወድቃል፤ የመሃሉ ፍርዳችን ነው። ወረቀቱ ላይ ስም መኖር አለበት። ይህን ያወጡት ጋሽ ለታ ናቸው። ከዓመታት በፊት ዳኞች ድምፅ ተለዋውጠዋል ተብሎ ዓለም ጉድ ካለ በኋላ፣ አለቆቹ ያመጡት መድኃኒት የዳኞቹን ስም መደበቅ ሆነ። ነጥቡ ይወጣል፤ ማን እንደሰጠው አይታወቅም። ጋሽ ለታ ይህ ሲነሣ ያብዳሉ። «ስሙን የማይጽፍ ዳኛ ሌባ ነው!» ይላሉ፣ ጠረጴዛ እየመቱ።

ዓለም ገና ላይ ወታደሮች አስወረዱን። መታወቂያ ታየ፣ ቦርሳ ተበረበረ፣ ተሳፈርን።

ቡራዩ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

በአስኮ በኩል ገባሁ። ድንጋዩ ወደ መንገዱ ዳር ተጠርጓል፤ ጎማ የነደደበት ቦታ ግን ጥቁር ክቡን ትቷል። አበበች የሱቋን መዝጊያ እስከ ግማሹ ብቻ ከፍ አድርጋ ከውስጥ ትሰፋለች። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

«ጌታ ይመስገን፣ በሰላም ደረስሽ» አለች። ወላይታ ናት፣ ጌታን ሳትጠራ አረፍተ ነገር አትጀምርም።

«ተነሺ እንጂ፣ ይረፍድብናል።»

«አልመጣም።» መርፌውን ከጨርቁ ላይ ሰካችው። «ባለቤቴ ገላን ለግንባታ ሥራ እንደሄደ ነው። ሐሙስ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም አይሠራም። ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?»

እዚያው ቤቷ እንዳናይ ደግሞ ዲሿ የለም። ማክሰኞ ወታደሮች መጥተው የሰፈሩን በሙሉ ነቅለውታል።

«‹የውጭ ጣቢያ ታያላችሁ› አሉኝ። እኔ የማየው ቀሚስ ነው ብላቸው ማን ይስማኝ!» ትንሽ ሣቅ ብላ መልሳ ኮስተር አለች። «አደራ፣ ለትንንሾቹ ልጆች ነጥብ ስትሰጪ ተጠንቀቂ። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ያዘልሏቸዋል፣ ሲከሱ ያጨበጭቡላቸዋል፣ በሁለት ዓመት ወገባቸው አልቆ ማንም ስማቸውን አይጠራም። እኔ እናት ነኝ፣ ያመኛል።»

የጋሽ ለታን ካፖርት ገበሩን ቀይራ ጨርሳዋለች። እሱን ይዤ ወጣሁ።

የሱሉልታ መንገድ፣ 6 ሰዓት

ከአዲሱ ገበያ የተነሣው ሚኒባስ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ባህር ዛፍ፣ ብርድ፣ ፍተሻ፣ ቁልቁለት፣ ከዚያ ሜዳው። ሯጮች በደማቅ ቱታ መንገዱን ይዘው ይሮጣሉ፤ ወታደሮች መሣሪያቸውን ተደግፈው ያዩአቸዋል። አጠገቤ ባዶ የወተት ጀሪካን የያዘች ሴት አለች። አዲስ አበባ ሸጣ መመለሷ ነው።

ከተማው መግቢያ ላይ ጣሪያው ወደ ውስጥ የሰመጠ የተቃጠለ ቤት አየሁ።

«የደረጀ ወፍጮ ነው» አለች ሴቲቱ ሳልጠይቃት። «የአዴ ጫልቱን መሬት ‹ባዶ ነው› ያለው። ባህር ዛፏ እስከ ሰማይ፣ ቤቷ እዚያው፤ ባዶ! ባዶ ከተባለ ካሳ የለም። አጠሩት።»

«ብቻውን ነው የወሰነው?»

«የመሬት ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የማንም ስም የለም፤ ጽሕፈቱ የሱ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች እጅ ጽሑፉን አውቀው ወፍጮውን አነደዱት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አገሩ ጎጃም ነው፣ ለኛ መሬት ምን ገዶት? አሁን እጁ ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝቷል። አዲስ አበባን ወደኛ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ይላል ሬዲዮው፤ የጫልቱ አጥር ግን አልቀረም።»

ስወርድ በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብዬ አመሰገንኳት። ጀሪካኗን አቅፋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሱሉልታ፣ 7 ሰዓት

የጋሽ ለታ ቤት ከወፍጮው ትይዩ፣ በጠባቡ መንገድ ገባ ብሎ ነው። በየጣሪያው ላይ ዲሽ የተነቀለበት ብረት ብቻ ቆሟል። የጋሽ ለታ ዲሽ ግን በቦታው አለ። «ዕድለኛ ናቸው» አልኩ በልቤ። ሞኝ ነኝ፣ ሌላ አላሰብኩም።

በሩን ሳንኳኳ መጀመሪያ በመስኮት አዩኝ። ይህን አድርገው አያውቁም።

«አበበችስ?»

«ባሏን ትጠብቃለች።»

ካፖርቱን ተቀብለው ሳያዩት አስቀመጡት። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል፤ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግን ብርድ ብርድ ይላል። በቅቤ የታሸ ጭኮ አቀረቡልኝ፣ እርጎ ቀዱልኝ፣ ራሳቸው አልቀመሱም። እኔ ስለ መንገዱ አወራለሁ፤ እሳቸው «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። የወፍጮውን ነገር ሳነሣ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ።

9 ሰዓት

መብራት አለ፤ ይህም አንድ ነገር ነው። የቆርቆሮው ኩባያ መሃላችን ተቀመጠ። እኛ ገና በድሮው ነጥብ ነን፤ ከስድስት ነው የምንሰጠው።

ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች፣ ከትንሽ አገር የመጣች፣ አስተዋዋቂው ስሟን በወጉ መጥራት ያቃተው ልጅ ወጣች። ስድስት ጊዜ ዘለለች፣ ስድስቱንም በአንድ እግሯ ቀጥ ብላ አረፈች። ሽክርክሪቷ ላይ ፊቷ እስኪጠፋ ድረስ ዞረች። አለቀስኩ፤ አላፍርም። ከሷ በኋላ ባለ ስሟ መጥታ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ነጥቡ ሲወጣ የወደቀችው በለጠች። በዚህ ስፖርት እንዲህ ነው፤ ስም ያላት ወድቃም ትቆማለች።

ጋሽ ለታ ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም። ኩባያውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ለሰማያዊዋ የሰጠሁትን አወጣሁ፦ አምስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ከሥሩ ስሜ። ሁለተኛውን ፈታሁ፦ አምስት ነጥብ ሁለት። ከቁጥሩ በታች ባዶ ነው።

«ጋሽ ለታ፣ ስም የለውም» አልኩ እየሳቅሁ። «ሌባ ልበልዎት?»

«በይኝ።»

ሣቄ አፌ ላይ ቀረ። ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«ከመሬት ኮሚቴው ሁለቱ ‹ባዶ ነው› አሉ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለቱ ደግሞ ‹ዛፍ አለበት፣ ቤት አለበት› አሉ። ደረጀ ካልተስማሙት ከሁለቱ አንዱ ነው። ተሟገተ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ። የቀረሁት እኔ ነኝ። የመሃሉ።»

«ከዚያስ?»

«እጄን አወጣሁ።»

የእሳቸው ጓሮም ሊወሰድ በተሰመረው መስመር ውስጥ ነበር። ከስብሰባው በፊት አንድ ሰው መጥቶ «ኦቦ ለታ፣ የእርስዎን እናዞረዋለን» አላቸው። መስመሩ ዞረ፤ ዲሻቸውም ለምን እንዳልተነቀለ ያኔ ገባኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ኮሚቴው ወስኗል» ተባለ እንጂ ማን ምን እንዳለ አልተጻፈም። ደረጀ ጸሐፊ ስለነበረ የተሸነፈበትን ውሳኔ በገዛ እጁ ጻፈው። ድምፅ ለድምፅ። እኚህ ሰው ስንት ዓመት ጠረጴዛ የመቱበት ነገር።

ተነሥቼ ቆምኩ። «ወፍጮው ሲነድ አንቱ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ጭሱን በዚያ መስኮት አየሁት።»

ከዚያ ያቺኑ ብጣሽ አንሥተው ገለበጧትና በጀርባዋ ጻፉ፦ የጫልቱን መሬት ባዶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ስማቸውን እስከ አያት ጻፉ።

«አንዳንዴ ጋዜጣ ላይ ትጽፊ የለ? አውጪው። በስሜ።»

«ሰኞ የሰፈር ስብሰባ አለ አይደል? ራስዎ ለምን አይናገሩም?»

«ባለፈው ሰኞ ልናገር ተነሥቼ ነበር። ስለ ከብት ክትባት ተናግሬ ተቀመጥኩ።»

11 ሰዓት

የመጨረሻው ታክሲ የሚቆመው ወፍጮው ፊት ለፊት ነው። አንዲት ሴት ነጠላዋን አገልድማ ከአመዱ ውስጥ ብሎንና ብረት እየለቀመች ጆንያ ውስጥ ትከታለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ከኦቦ ለታ ቤት ስትወጪ አየሁሽ። ዘመድ ነሽ?»

«ወዳጅ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጣቸው። ደረጀን ሆስፒታል ድረስ ሄደው የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ወተት ይዘውለት። ከዚህ ሰፈር ሌላ ሰው አልመጣም።» በጥቁር እጇ ጀርባ ግንባሯን ጠረገች። «ባለቤቱ ታመሰግናለች በይልኝ።»

የተቀበልኳት ብጣሽ ወረቀት ደረቴ ውስጥ ተሸጉጣ ነበረች። እጄን ሰድጄ ነካኋት። ታክሲው መጣ፣ ገባሁ። አበበች ብትሆን ትሰጣት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሰበታ፣ እሁድ ጠዋት

አበበች ደወለች። ስልኩ ተከፍቷል፤ ባሏ በእግሩ ገብቷል፣ ጌታ ይመስገን። «ማን አሸነፈ?» አለችኝ። «የወደቀችው» አልኳት።

ወረቀቱ ፊቴ ነው። ስሙ ቢወጣ ቤታቸውን ያቃጥላሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ባይወጣ ደረጀ እጁ ድኖም ሱሉልታ አይገባም። ከትናንት ጀምሬ ስመዝነው አደርኩ፤ በመጨረሻ ያደረግሁት ስሞቹን ለውጬ ታሪኩን መጻፍ ነው። ለታ የሚለው ስም እኔ ያወጣሁላቸው ነው፤ ሥራቸውም የከብት ሕክምና አይደለም። ደረጀም ደረጀ አይባልም፤ የአንዱ ከታወቀ የሌላው መታወቁ አይቀርምና። የጫልቱንም ቀይሬዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ልልከው አጣጥፌ፣ ግርጌው ላይ ስሜን ልጽፍ መልሼ ዘረጋሁት። ሱሉልታ ሩቅ አይደለም። ማን ከማን ቤት እንደወጣ ሰው አይቷል። እስክሪብቶውን ከድኜ አስቀመጥኩት።