የማርትል የፊት በር

ማርትል ዶርሴት ከዲትሮይት ወጣ ባለ ሠፈር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሠፈሩ ገና ሲቆረቆር ለባለ መኪና ታስቦ ስለሆነ የእግረኛ መንገድ እንኳ አልወጣለትም። የጡብ ቤቶቹ ጣሪያቸው ሹል ነው፤ በጎናቸው ደግሞ መኪና የሚቆምበት ጣሪያ ያለው መጠለያ አላቸው። ቤተኛ ሁሉ እዚያ ከመኪናው ወርዶ፣ ዝናብ ሳይነካው በጎን በር ይገባል። ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት የተቀረጸ የፊት በርማ ለታይታ ነው! የሚደውልበት ብሩሽ በየቤቱ እያዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ብቻ ነበር።

አንድያ ልጇ ሎይድ ከፋብሪካ በተቀነሰ ጊዜ፣ የሟች አባቱን መኪና ይዞ ሥራ ፍለጋ ሊሄድ ተነሣ። ማርትል ደሟ ፈላ።

«ያቺን መኪና ሳትይዝ እግርህ እዚህ ቤት እንዳይረግጥ!» አለችው።

«እሺ እማዬ» ብሎ ሄደ።

ንዴቷ ሳምንት አልቆየም፤ ጸጸቱ ግን ያንገበግባት ጀመር። ምን አፌን አስከፈተኝ ትላለች። አመሻሽ ላይ የጎን በሩን መብራት አብርታ፣ የመኪና ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን ጥላ ወጥ ቤት ትቀመጣለች።

«አንቺ ሴት፣ መንገደኛው ሆቴል መስሎት እንዳይገባብሽ!» እያለች ጎረቤቷ ኦፓል ትቀልድባታለች።

«ይግባ፤ ልጄን ይዞልኝ ከመጣ» ትላለች ማርትል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ምሽት፣ የፊት በሩ ደወል ጮኸ።

«ብሩሽ አልፈልግም!» አለች ከተቀመጠችበት ሳትነሣ።

ደወሉ ቀስ ብሎ ደገመ።

«አልፈልግም አልኩ እኮ! አይሰለችህም እንዴ?»

የእግር ኮቴ ደረጃውን ወርዶ ራቀ። እሷም ጆሮዋን ወደ ጎን በሩ መለሰች።

በማግስቱ ኦፓል እየሳቀች በጎን በር ገባች። «እንኳን ደስ ያለሽ! ማታ ከመስኮቴ ሆኜ ሎይድን በእግሩ ሲመጣ አየሁት። እንዴት ከስቷል ባክሽ! መኪናውን ምን አደረገው? የታለ፣ ተኝቷል?»

ማርትል ክው አለች። ከዚያ ወደ ፊት በሩ ሮጠች። እንጨቱ በዝናቡ አብጦ እምቢ አለ፤ ኦፓል አብራት ጎትታ ነው የተከፈተው። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። ኧረ ምነው ያኔ ብድግ ባለች!

በየከተማው አስፈለገችው፤ አየሁት ያለ ሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ያ በር ተቆልፎ አያውቅም። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ምግቧን ጥላ ትሮጣለች፤ ነጋዴውን አስገብታ ሾርባ ታጠጣዋለች፤ በመንገድ ላይ ሎይድ የሚባል ልጅ አጋጥሞት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ባዶ እጁን እንዳይሄድም አንድ ብሩሽ ትገዛዋለች።

ስትሞት ቤቱን ያጸዳችው ኦፓል ነበረች። የሎይድን ቁም ሳጥን ስትከፍት፣ ከላይ እስከ ታች ያልተነካ ብሩሽ ሞልቶት አገኘችው።