በክር የተንጠለጠለ ቀለበት

ከቡልጋሪያዋ ጋብሮቮ ከተማ በተሳፈርንበት ሠረገላ ውስጥ አንዲት ወጣት መምህርት የአንገት ልብሷን ፈትታ፣ በገበሬ እናቱ ጭን ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ሕፃን ሸፈነችው። ያን ጊዜ አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ የጋብቻ ቀለበት አየሁ። ማየቴን አወቀችና በፍጥነት ወደ ደረቷ መለሰችው። በዚያ ዓመት ያገባች ሴት እንዳታስተምር ተከልክሎ ነበር።

ጣቶቿ በጠመኔ ደርቀዋል፤ የጥቁር ቀሚሷ እጅጌ ክርኑ ላይ በጥንቃቄ ተጥፏል።

“ሴት ልጄን ልልክልሽ ነበር” አላት አብሮን የተሳፈረው እህል ነጋዴ ሚንቾ፤ “ግን ማንበብ የለመደች ሴት ዳቦ ታሳርራለች ይላሉ።”

“እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ጋሼ ሚንቾ። እሷም ታሳርር ነበር።”

ሁላችንም ሳቅን። እጇ ግን ከደረቷ አልወረደም። እኔ መዝሙረ ዳዊትን ያለ አስተማሪ እየተንተባተብሁ የለመድሁ ነኝና፣ ለሴቶች ልጆቻችን እንዲህ ያለች መምህርት ስለሰጠን እግዚአብሔርን በልቤ አመሰገንሁ።

የምንወርድበት የሴቭሊዬቮ ከተማ የደወል ግንብ ብቅ ሲል መምህርቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ጋሼ፣ የትምህርት ቤቱ ሹሞች ሠረገላው የሚቆምበት ቦታ ላይ ይጠብቁኛል። እርስዎ በመንገድ ዳር መስቀል ባለበት ሁሉ ሲያማትቡ አይቻለሁ፤ መዋሸት እንደሚከብድዎት ይገባኛል። ግን ስንወርድ፣ እነሱ እየሰሙ፣ ወይዘሪት ብለው ይጥሩኝ።”