ተቅማጥ ለያዛት ልጅ ውሃ

አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እሱ ወደ አሰብ ሲወርድ፣ ላፍቶ ባለችው ቤታችን ከእንጀራ እናታችን ጋር እንቀራለን። ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። የሟች እናታችን ወዳጆች የነበሩት የሰፈር ሴቶች ግቢያችንን በዓይናቸው ይጠብቁ ነበር።

እንጀራ እናታችን መድኃኒት የምታስቀምጠው በብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ አስፕሪን፣ ቪክስ፣ አዮዲን፣ ደግሞም ለምለም የሚባለው፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት። ሳሪስ ፋርማሲ ሄዳ ስትገዛ ሻጩን በጥያቄ ታደርቀዋለች። አብሬያት ስሄድ አፍር ነበር።

አንድ እሁድ፣ ገና መራመድ የጀመረችውን እህቴን ተቅማጥና ትውከት አጣደፋት። ክሊኒኩ ዝግ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ አይሰጠውም፤ ይብስበታል ይባላል። እሷ ግን ውሃ አፍልታ አቀዘቀዘች፣ በቢራ ጠርሙስ ሦስት ለክታ ዱቄቱን በጠበጠች፣ በማንኪያ ማጠጣት ጀመረች።

እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ገብተው አዩ።

«ኧረ በእመቤቴ! ውሃ? ልትጨርሻት ነው እንዴ?» ከነጠላቸው ጫፍ ቀይና ጥቁር እንክብል ፈቱ። «ይልቅ ይቺን በጥብጠሽ ስጫት።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብላ ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። አልሰጠቻትም። ማንኪያዋንም አላስቀመጠችም።

ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ሰፈሩ ምን እንደሚል ሕፃንም ሆኜ ይገባኝ ነበር፤ የእንጀራ እናት ገደለቻት። እሷም ታውቃለች። እህቴ ስታስመልስ ትንሽ ትጠብቅና እንደገና ትጀምራለች። ያኔ ሬዲዮው ጠዋት ማታ የሚያወራው ስለ ጦር ሜዳ ጀግና ነበር። እኔ ያየሁት ጀግና ግን የሻይ ማንኪያ ነው የያዘው።

«ስታለቅስ እንባ የላትም፤ የሰውነቷ ውሃ አልቋል ማለት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «እስከ አስር ሰዓት እንባ ካላየሁ አዝዬያት ሆስፒታል ነው።»

ከሰዓት በኋላ እህቴ ማንኪያውን በእጇ መትታ እሪ አለች። ሴቶቹ ጩኸት ሰምተው፣ ለለቅሶ የመጡ ይመስል እየተንደረደሩ ገቡ። እሷ የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች።

«እንባ! እዩት፣ እንባ ወጣላት!»

እትዬ ጎንበስ ብለው ጉንጯን በጣታቸው ነኩ። ርጥብ ነው። እህቴን ተቀብለው አቀፏት።

«በይ ዝም በይ» አሏት። «እናትሽ ደክሟታል፤ ትንሽ ትረፍ።»