ዘቢደር ደም ያየችበት ሳምንት

ዘቢደር ደምለው ከጃናሞራ ወደ ደባርቅ የመጣችው በ1994 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ልትማር ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች። ወይዘሮ ዓለምዬ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። አባቷ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ስንቋን በአህያ ጭነው ያደርሱላታል።

አንድ ረቡዕ ክፍል ውስጥ ሆዷን ቆረጣት። ደወል ተደውሎ ልትነሳ ስትል አግዳሚው ላይ ደም አየች። ተማሪው ወጥቶ እስኪያልቅ ቁጭ አለች። ከዚያ አግዳሚውን በደብተር ወረቀት ጠርጋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በጓሮ በኩል እየሮጠች ቤቷ ገባች።

የፈራችው መሞትን አልነበረም። በአገሯ ያላገባች ልጅ ደም ካየች ወንድ ደርሶባታል ይባላል። የጎረቤታቸው ልጅ የትናየት በዚሁ ተጠርጥራ ከትምህርት ወጥታ በወሩ ተድራለች። ዘቢደር ማንም እንዳልነካት ታውቃለች። ግን ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ እጇን ይዞ ያሻገራት አንድ ልጅ ነበር። «በዚያ ይሆን እንዴ?» ብላ አሰበች።

ቀሚሷን አጥባ ከአልጋው ሥር ደበቀችው። ሐሙስና ዓርብ ከቤት አልወጣችም።

ቅዳሜ አባቷ ያመጡላትን የዱቄት ከረጢት ከአልጋው ሥር ሊያስገቡ ጎንበስ ሲሉ ቀሚሱን አገኙት። እድፉ አልለቀቀም ነበር።

«ማን ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማንም፣ አባዬ።»

«ልብስሽን ሰብስቢ። አብረን እንመለሳለን።»

 ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። ደብተሮቿ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ማርያምን፣ ማንም አልነካኝም። አልሄድም።»

ወይዘሮ ዓለምዬ ሰምተው በሩ ላይ ደረሱ፤ ቀሚሱንም አዩ። «አቶ ደምለው፣ እኔም ሳላገባ ነው ደም ያየሁት። የሷም እናት እንዲሁ ሳትሆን አትቀርም። ለወንድ አይነገርም እንጂ።»

አባቷ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ተነሥተው ሳይሰናበቱ አህያቸውን እየነዱ ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ ይመስላት ነበር። በቀጠሯቸው ቅዳሜ መጡ። ስንቁን አወረዱ፤ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» አሉ። ከዚያ ብቻቸውን ወደ ጃናሞራ ተመለሱ።

ዘቢደር ዛሬ ዳባት አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ትምህርት ቤት እየሄደች ለሴት ልጆች ደም ከማየታቸው በፊት ስለ ወር አበባ ትነግራቸዋለች። አባቷ ግን ያን ቀን ያመኗት ይሁን ወይስ ሳያምኑ ነገሩን የተዉላት፣ እስኪሞቱ ድረስ አልነገሯትም። እሷም ፈርታ አልጠየቀቻቸውም።