ቀነዓ የሳላቸው እግሮች

ቀነዓ ሰው ሲስል ከእግር በላይ አይወጣም። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ስንስቅበት ኖረናል፤ እግዜር ይቅር ይበለን። «ራሳችንን ማን ይሥራልን?» እለው ነበር እኔም። ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል!

በልጅነቱ ልምሻ ሁለት እግሩን ነስቶት፣ ከደራ ወደ ናዝሬት መጥቶ ከጓሮዬ ያለችውን ክፍል ተከራየኝ። ጉልበቱ ላይ የጎማ ቁራጭ አስሮ በእጁ እየዳኸ ይሄዳል። በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል፤ ሥራ ሲጠፋ ካርቶን ላይ ይስላል። ያስተማረው የለም። ከሰልና ከቀበሌው መፈክር የተረፈ ቀይ ቀለም አለው፣ በቃ።

አንድ ቀን ግን፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ ፊታችሁን መቼ አሳያችሁኝ? ቆማችሁ ታወሩኛላችሁ፣ ቀና ስል ፀሐዩ ዓይኔን ይወጋኛል። እስቲ ትንሽ ይቀመጡ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ታዲያ ተቀመጥኩ? ወጤ እንዳያርርብኝ ብዬ ሄድኩ።

በሰባ ሰባት ዓ.ም. ለጎረቤታችን ለዘውድነሽ የአንድ ልጇ መርዶ መጣ። ሰብስቤ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ቀረ። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሚታቀፈው ፎቶ ነው፤ እሷ ግን የልጇ ፎቶ የላትም። «ምን ይዤ ላልቅስ?» እያለች ደረቷን ትደቃለች።

በሦስተኛው ቀን ቀነዓ ካርቶን ጀርባው ላይ አስሮ እየዳኸ ድንኳኑ ገባ። ፈትቶ ሲያሳየን፣ የሳለው ሁለት እግር! «በሰው ሐዘን ይቀልዳል እንዴ?» ብዬ ተነሣሁበት።

ዘውድነሽ ግን አየችው። ተረከዙ የተረገጠ ኮንጎ ጫማ፣ በኳስ የተነቀለ የአውራ ጣት ጥፍር፣ ወደ ውስጥ የዞረ ቀኝ እግር። «ሰብስቤ! የኔ ልጅ!» ብላ ካርቶኑን አቅፋ መሬት ወደቀች። ከቀነዓ ጎን ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች። እሱም ፊቷን ትክ ብሎ ያየዋል።

እኔ አፍሬ ሞትኩ። በማግሥቱ በሩ ላይ ሄጄ፣ «የእኔንስ ስለኸዋል?» አልኩት።

ከፍራሹ ሥር ካርቶን አወጣ። ሁለት ተረከዝ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ተረከዝ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሁልጊዜ የማይዎት ሲሄዱ ነው።»

ምድጃ ላይ ወጥ ጥጄ ነበር የመጣሁት። ይረር! መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።